ፍላሹን የት ልትሰኩት ነው? በኡቡንቱ ላይ ፍላሽ የማዘጋጀት ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ሳምንት አንድ የባጃጅ ሾፌር ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ባጃጁን አቁሞ ገባና ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «አቦ፣ ይህ ነገር አይዘፍንልኝም» አለኝ። ከሁለት ቀን በፊት ዘፈን የሞላሁለት እኔው ነበርኩ። ኮምፒውተሬ ላይ ስሰካው ዘፈኖቹ በሙሉ አሉ፤ አንዱን ስከፍተው ያንቆረቁረዋል። የባጃጁ ቴፕ ግን ምንም እንዳልተሰካበት ሁሉ ዝም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፍላሹን ፎርማት ያደረግሁት ለራሴ ማሽን በሚመች መንገድ ነው፤ ቴፑ ደግሞ ያንን አደረጃጀት ጨርሶ አያውቀውም። ከዚያ ወዲህ ፍላሽ ይዞ የሚመጣን ሰው «ምን ልጫንልህ?» ከማለቴ በፊት «የት ልትሰካው ነው?» እላለሁ። ይህ መመሪያም ከዚያችው ጥያቄ ይነሣል።

የምተዳደረው እዚሁ ድሬዳዋ በኮምፒውተር ጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ነው። ኮምፒውተሮቼን ወደ ኡቡንቱ ያዞርኳቸው በክፍት ምንጭ ፍልስፍና ተማርኬ አይደለም፤ ቫይረስ አስመርሮኝ ነው። ኡቡንቱ ሊነስ ቶርቫልድስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 በጀመረው በሊኑክስ ላይ የቆመ፣ ከ2004 ጀምሮ የሚሠራጭ፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ስርዓተ ክወና ነው። ክፍያ አይጠይቅም፤ ለዊንዶውስ የተጻፉት የፍላሽ ቫይረሶችም በእሱ ላይ ነፍስ አይዘሩም። የማሳያችሁ በ24.04 ዕትም ላይ ሲሆን በ22.04 ላይም ብዙ የሚለይ ነገር የለም። በማያ ገጹ ላይ የሚታዩት ቃላት እንግሊዝኛ ስለሆኑ አነባበባቸውን በፊደላችን እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ፎርማቱን ምረጡ

አንድ ፍላሽ ፋይሎችን በውስጡ የሚደረድርበት መንገድ አለው፤ ፎርማት ወይም አደረጃጀት የምለው እሱን ነው። ለእኛ ሥራ የሚያስፈልጉት አራቱ ናቸው፦ ፋት32፣ ኤክስፋት፣ ኤንቲኤፍኤስ እና ኤክስት4።

ፋት32 ሽማግሌው ነው። የባጃጅና የመኪና ቴፕ፣ ያረጀ ቴሌቪዥን፣ ዲቪዲ ማጫወቻ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ትልቅ ጉድለት ግን አለበት፤ አንድ ነጠላ ፋይል 4 ጊጋባይት ከሞላ አይቀበለውም። አንዲት እናት የልጃቸውን የሰርግ ቪዲዮ ሐረር ላሉ ዘመዶቻቸው ሊወስዱ መጡ። ቪዲዮው 6 ጊጋባይት ነው፣ ፍላሹ ባለ 32። መቅዳቱ መንገድ ላይ ቆመና ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው የሚል መልእክት ወጣ። «ልጄ፣ እንዴት ሞላ ትለኛለህ? ባዶ ነው እኮ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ፍላሹ ባዶ ነበር። ያልበቃው ቦታው ሳይሆን አደረጃጀቱ ነው። የዘመዶቻቸው ቴሌቪዥን አዲስ ይሁን አሮጌ ስላላወቁ ቪዲዮውን ለሁለት ቆርጬ በፋት32 ሰጠኋቸው። ቴሌቪዥኑ ኤንቲኤፍኤስ እንደሚያነብ ቢታወቅ ኖሮ መቁረጥ ባላስፈለገኝ።

ኤክስፋት ያ የ4 ጊጋባይት ገደብ የለበትም። ማይክሮሶፍት በ2006 ያወጣው ሲሆን አሠራሩን ለሕዝብ ይፋ ያደረገው በ2019 ነው፤ ከዚያ በኋላ ሊኑክስ በቀጥታ ተቀብሎታል። ፍላሹ በኡቡንቱ፣ በአዲስ ዊንዶውስና በማክ መካከል የሚመላለስ ከሆነ የእኔ ምርጫ ይኸው ነው። ኤንቲኤፍኤስ የዊንዶውስ ቤተኛ ነው፤ ኡቡንቱ ያነበዋል፣ ይጽፍበታልም፤ ማክ ግን ያነበዋል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም። ኤክስት4 የሊኑክስ የራሱ ነው። ፍላሹ ከሊኑክስ ማሽን የማይወጣ ከሆነ ብቻ ምረጡት፤ ባጃጁን ዝም ያሰኘው እሱ ነው።

ከመደምሰሳችሁ በፊት

ፎርማት ማድረግ ማለት በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ መሰናበት ማለት ነው። ስለዚህ ፍላሹን ሰክታችሁ ፋይልስ በተባለው መስኮት ክፈቱት፤ በግራ በኩል ስሙ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ኮንትሮልን ይዛችሁ ኤች የሚለውን ፊደል ብትጫኑ በሊኑክስ ላይ የተደበቁ ፋይሎችም ብቅ ይላሉ። የሚፈለገውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ቅዱ። የደንበኛ ፍላሽ ከሆነ «ምንም የለበትም» የሚለውን ቃል አትመኑ፤ ከፍታችሁ አሳዩት። ስንት ጊዜ የትምህርት ማስረጃ ስካን ከዘፈን ሥር ተቀብሮ አግኝቻለሁ!

አሁን ደግሞ የትኛው ዲስክ ፍላሹ እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አለባችሁ። በዚህ መመሪያ ውስጥ የሚያስለቅስ ስህተት የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። ኡቡንቱ ለየዲስኩ አጭር ስም ይሰጠዋል። በየቦታው «ኤስዲኤ የኮምፒውተሩ ዲስክ ነው፣ ኤስዲቢ ፍላሹ ነው» የሚል ምክር ይነገራል። በድሮ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ግን የውስጡ ዲስክ ስሙ በኤንቪኤምኢ ስለሚጀምር ኤስዲኤ የሚለው ስም ለፍላሹ ይተርፋል። ስለዚህ በፊደሉ አትፍረዱ፤ በመጠኑ ፍረዱ። ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ በኡቡንቱ ላይ 32 ወይም 31 ገደማ ሆኖ ይታያል፤ የውስጡ ዲስክ ደግሞ 256፣ 500 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ዊንዶውስ ያንኑ ፍላሽ 29 ገደማ የሚለው በ1024 እያካፈለ ስለሚቆጥር ነው እንጂ የተሰረቀ ቦታ የለም።

ከዚህም በላይ ማረጋገጥ የሚፈልግ ተርሚናል የተባለውን፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት ይክፈት። ፍላሹን ሳትሰኩ አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፉ፦ ኤል፣ ኤስ፣ ቢ፣ ኤል፣ ኬ፤ ሁሉም ትንንሾቹ ፊደላት ይሁኑ፤ ከዚያ ኢንተርን ጫኑ። የዲስኮቹ ዝርዝር ይወጣል። ፍላሹን ሰኩና ያንኑ ድገሙት። በሁለተኛው ዝርዝር ላይ አዲስ የገባው መስመር ፍላሹ ነው፤ ሌላው ሁሉ የማይነካ ነው።

ፎርማት ማድረግ

የማመልከቻዎቹን ዝርዝር ከፍታችሁ ዲስክስ የሚለውን ፈልጉ። በግራ በኩል የዲስኮቹ ስም ከነመጠናቸው ተደርድሯል። ፍላሹን አንድ ጊዜ ጫኑት። በላይኛው ጠርዝ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትጫኑ ከሚወርደው ዝርዝር ውስጥ ፎርማት ዲስክ የሚለውን ምረጡ።

ሁለት ጥያቄ ይቀርብላችኋል። የመጀመሪያው ኢሬዝ ይላል። ክዊክ የተባለው ፈጣኑ ለዕለት ሥራ ይበቃል፤ ማውጫውን ብቻ ያጠፋል። ስሎው የተባለው በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ በዜሮ ይሸፍነዋል። መታወቂያና የባንክ ወረቀት የነበረበትን ፍላሽ ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ተጠቀሙ፤ ግን ታገሡ። በሰከንድ 8 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ፓርቲሽኒንግ ይላል፤ የፍላሹ ቦታ የሚከፋፈልበት መንገድ ማለት ነው። ከሁሉም መሣሪያ ጋር የሚስማማውን፣ ኤምቢአር የሚለውን ምረጡ። ጂፒቲ የተባለው ዘመናዊው ነው፤ ከ2 ቴራባይት በላይ ለሆኑ ዲስኮች ያስፈልጋል፤ ብዙ ቴፖችና አሮጌ ቴሌቪዥኖች ግን አያውቁትም። ፋት32 አድርጌዋለሁ፣ ቴፑ ግን አሁንም አላየውም የሚል ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው። ፎርማት የሚለውን ስትጫኑ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። በማስጠንቀቂያው ላይ የተጻፈውን የዲስክ ስምና መጠን አንዴ እንደገና አንብቡ፤ ከዚያ ፍቀዱ።

ፍላሹ አሁን ባዶ መሬት ነው፤ ቤት አልተሠራበትም። በመሃል ካለው ሰፊ አራት ማዕዘን ሥር ያለችውን የመደመር ምልክት ጫኑ። መጠኑን እንዳለ ተዉትና ኔክስት በሉ። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ለፍላሹ ስም ትሰጡታላችሁ፤ አደረጃጀቱንም ትመርጣላችሁ። ፋት (ፋት32 ያልነው)፣ ኤንቲኤፍኤስ እና ኤክስት4 ፊት ለፊት አሉ። ኤክስፋት ግን አዘር በሚለው ውስጥ ተደብቋል፤ እሱን መርጣችሁ ኔክስት ስትሉ ይወጣል። ደብዝዞ አልመረጥ ካላችሁ የጎደለው ኤክስፋትፕሮግስ የተባለው ትንሽ የፕሮግራም ጥቅል ነው፤ እሱን ጭናችሁ ዲስክስን እንደገና ክፈቱ። ኤክስት4ን ስትመርጡ ከሥሩ በይለፍ ቃል የመቆለፍ ምርጫ ታያላችሁ። ቁልፉ ጠንካራ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ከረሳችሁት እናንተንም አያስገባችሁም። የተቆለፈው ፍላሽ በዊንዶውስ ላይ እንደማይከፈትም አትርሱ። በመጨረሻ ክሪኤት። ሥራው በሰከንዶች ያልቃል፤ ትንሿን ሦስት ማዕዘን ስትጫኑ ፍላሹ ተከፍቶ በፋይልስ ውስጥ ብቅ ይላል።

ፓርቲሽኒንጉ ኤምቢአር መሆኑን የምታውቁት ፍላሽ ከሆነና ይዘቱን ብቻ ማጽዳት ከፈለጋችሁ ይህ ሁሉ ዙር አያስፈልግም። በፋይልስ ውስጥ የፍላሹን ስም በቀኝ ጫኑና ፎርማት የሚለውን ምረጡ።

ስለ ስም

ለፍላሹ ስም ስትሰጡ ፋት32 ላይ ከ11 ፊደል አትለፉ፤ በእንግሊዝኛ ፊደልም ይሁን። ስም የሌለው ፍላሽ ከሌላው በቀላሉ ስለማይለይ፣ ሦስት ፍላሽ አንድ ላይ በተሰካበት ቀን የማን የማን እንደሆነ ይጠፋችኋል። እኔ የደንበኛውን ስም እሰጠዋለሁ።

የፋይል ስም በአማርኛ መጻፍ በአራቱም ላይ ይቻላል። የሚያስቸግሩት ምልክቶች ናቸው። ኡቡንቱ በፋይል ስም ውስጥ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ፣ የጥያቄ ምልክትና ኮከብ ይቀበላል፤ ፋት32፣ ኤክስፋትና ዊንዶውስ ግን አይቀበሉም። «ስብሰባ 3:30» ብላችሁ የሰየማችሁት ሰነድ ወደ ፍላሽ ሲቀዳ ወይ ስሙ ይለወጥባችኋል፣ ወይ ቅጂው ይቆማል። የእኛው ሁለት ነጥብ «፡» እና አራት ነጥብ «።» ግን ሌላ ፊደላት ስለሆኑ ያልፋሉ።

በተቃራኒው አቅጣጫም አንድ ወጥመድ አለ። ኤክስት4 ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ ፊደል ሦስት ይወስዳል። ስለዚህ በአማርኛ 85 ፊደል ገደማ ላይ ያበቃል። የቢሮ ቃለ ጉባኤ ስም በዊንዶውስ ላይ ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ «በ… የተካሄደው… የጋራ ውይይት ቃለ ጉባኤ የመጨረሻ የታረመ» እያለ ይወርዳል። ያንን ፋይል ከፍላሽ ወደ ኡቡንቱ ስትቀዱ ስሙ ረዘመ ብሎ ይቆማል። ፍላሹ ላይ እንዳለ ስሙን አሳጥሩትና ቅዱ።

መቅዳትና መንቀል

ከኡቡንቱ ጋር አዲስ የተዋወቀ ሰው ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ እኔም ተሳስቼበታለሁ። 2 ጊጋባይት ዘፈን ትቀዳላችሁ። የመቅጃው መስመር በጥቂት ሰከንድ እስከ ጫፍ ይሮጣል፤ አለቀ ይላል። ፍላሹን ትነቅላላችሁ። ሌላ ቦታ ስትሰኩት ግማሹ ዘፈን የለም፤ ወይም ስሙ አለ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ኡቡንቱ መረጃውን በመጀመሪያ የሚያስቀምጠው በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ፣ በራም ውስጥ ነው፤ ራም ፈጣን ስለሆነ መስመሩ ቶሎ ይሞላል። ወደ ፍላሹ የሚጽፈው ከዚያ በኋላ፣ ከጀርባ፣ በፍላሹ ፍጥነት ነው። ፍላሹ በሰከንድ 8 ሜጋባይት የሚጽፍ ከሆነ 2 ጊጋባይት ከ4 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማያ ገጹ ጸጥ ብሏል፤ የፍላሹ ትንሽ መብራት ብቻ ትርገበገባለች። ማያ ገጹን አትመኑ፤ መብራቷን እመኑ። መብራት የሌለው ፍላሽ ከሆነ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ቀስት እመኑ።

በፋይልስ ውስጥ ከፍላሹ ስም አጠገብ ወደ ላይ የሚያመለክት ትንሽ ቀስት አለ። እሱን ስትጫኑ ኡቡንቱ የቀረውን ሁሉ ጽፎ እስኪጨርስ እንድትጠብቁ ይነግራችኋል፤ ሲጨርስ መንቀል እንደምትችሉ ያሳውቃችኋል። በብዙ ፍላሾች ላይ በዚያች ቅጽበት መብራቷም ትጠፋለች። ፍላሹ ሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ ካለ ከፍላሹ ላይ የተከፈተ ሰነድ አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በጽሕፈት ፕሮግራሙ በሊብሬኦፊስ ተከፍቶ የተረሳ ደብዳቤ ነው፤ ዝጉትና ድገሙ። ተርሚናል የሚወድ ሰው ኤስ፣ ዋይ፣ ኤን፣ ሲ ብሎ ጽፎ ኢንተር ይጫን። ጠቋሚው ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ጽሕፈቱ አላለቀም። ይህ ትእዛዝ የሚያስጨርሰው ጽሕፈቱን ብቻ ስለሆነ ከእሱ በኋላም ቀስቷን ተጫኑ።

ደንበኛ ሲቸኩል ያስቸግራል። ባጃጁ ውጭ እየጮኸ፣ የድሬ ፀሐይ እየጠበሰችው «አልቋል እኮ!» ይላችኋል። መብራቷን አሳዩት። ያንን ካየ በኋላ ራሱ ጠባቂ ይሆናል።

በመሃል የቤቱ መብራት (ኤሌክትሪክ) ከሄደ፣ በተለይ ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ፣ ፋት32 እና ኤክስፋት ክፉኛ ይጎዳሉ፤ ሊጽፉት የነበረውን አስቀድመው የሚመዘግቡበት መዝገብ የላቸውም። ኤንቲኤፍኤስ እና ኤክስት4 አላቸው። መብራት ሲመለስ በዲስክስ ውስጥ ፍላሹን መርጣችሁ፣ የጥርስ ጎማ የምትመስለውን ምልክት ተጭናችሁ ሪፔር ፋይልሲስተም በሉ። ከዚያ ሲቀዳ የነበረውን ከመጀመሪያው ቅዱ፤ ግማሽ ፋይል አይጠገንም።

ሲበላሽ

የሾርትከት ቫይረስ የያዘው ፍላሽ በዊንዶውስ ላይ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ቀስት ያለባቸው ትንንሽ ፋይሎች ሆነው ይታያሉ፤ ባለቤቱም ሰነዴ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል። በኡቡንቱ ላይ ስትከፍቱት እውነተኞቹ ፎልደሮች አሉ። ቫይረሱ የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ነበር የለጠፈባቸው፤ ፋይልስ ደግሞ ለዚያ ምልክት ግድ የለውም። አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም ነገር ስሙ ባዶ ቦታ ብቻ በሆነ ፎልደር ውስጥ ይከታል፤ ስም የሌለው ፎልደር ካያችሁ ግቡበት። ሰነዶቹን፣ ፎቶዎቹንና ዘፈኖቹን ብቻ ቅዱ። ኤልኤንኬ፣ ቪቢኤስ ወይም ኢኤክስኢ በሚል የሚያበቁትን አትንኩ። እናንተን ባይነኩም ተቀድተው ወደ ደንበኛው ዊንዶውስ ቢመለሱ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርጋችሁ የቀዳችሁትን መልሱለት።

ኡቡንቱ ወይም ሌላ ስርዓተ ክወና ለመጫን ያገለገለ ፍላሽ ደግሞ በኋላ ይቆራረጣል፤ ባለ 16 የነበረው በዊንዶውስ ላይ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ባለቤቱም ተቃጠለ ብሎ ሊጥለው ይነሣል። አልተቃጠለም። ከላይ የጻፍኩትን የዲስክስ ሥራ ከሦስቱ ነጥቦች ጀምራችሁ ድገሙት፤ ሙሉ መጠኑ ይመለሳል።

የማይመለሰው ሐሰተኛው ፍላሽ ነው። አንድ ጊዜ በርካሽ የገዛሁት ፍላሽ ላዩ ላይ 1 ቴራባይት ይላል፤ ኮምፒውተሩም 1 ቴራባይት ይላል፤ ውስጡ ያለው ግን በጣም ትንሽ ነው። ሞልቶም መቀበሉን አያቆምም፤ የመጣለትን እየጣለ እሺ ይላል። አዲስ ፍላሽ ስትገዙ ሌላ ነገር ሳታስቀምጡበት በትልልቅ ቪዲዮዎች እስከ አፉ ሙሉት፣ በቀስቷ አስወጡት፣ እንደገና ሰኩትና መጨረሻ የገባውን ቪዲዮ እስከ መሃል አጫውቱ። ይህንኑ በራሱ የሚሠራ ኤፍ3 የተባለ ክፍት ምንጭ መሣሪያም አለ። ሻጩ ገና ሳይረሳችሁ ፈትኑት፤ ደረሰኙንም አትጣሉ።

ፍላሹ ሪድ ኦንሊ ብሎ አልጻፍም ካለ መጀመሪያ ጎኑ ላይ የመቆለፊያ ምላስ እንዳለው እዩ፤ ቀጥሎ ሪፔር ፋይልሲስተምን ሞክሩ፤ ያም ካልሆነ በላዩ ያለውን ቀድታችሁ ፎርማት አድርጉት። ፎርማቱንም እምቢ ካለ የውስጡ ቺፕ ዕድሜውን ጨርሷል። ማንበብ እስኪከለክላችሁ ድረስ ጥቂት ቀን ይሰጣችሁ ይሆናል፤ ያልቀዳችሁት ካለ ዛሬውኑ ቅዱና ሌላ ግዙ።